ዋይፋዩ ሙሉ ነው፣ ኢንተርኔት የለም

ሰኞ፣ የካቲት 2

አይገባም። ከጠዋት ጀምሮ አይገባም። የዋይፋዩ ምልክት ጥጉ ላይ ሙሉ ሆኖ ይታያል፣ "ኮኔክትድ" ይላል፣ ግን አንድ ገጽ አይከፍትም። ላም አለኝ በሰማይ። የድርጅቱን ፕሮግራም ስከፍተው ነጭ ሳጥን ብቅ ይልና "መገናኘት አልተቻለም፣ እንደገና ይሞክሩ" ይለኛል። ሞከርኩ። እንደገና ሞከርኩ። አሁን "ይሞክሩ" የሚለውን ቃል ሳየው ራሱ ያቅለሸልሸኛል።

ቅዳሜ እኮ ይሠራ ነበር! ለሙከራ የላኩልኝን አጭር ቅጂ ሰምቼ፣ ጽፌ፣ መልሼ ልኬ፣ "ደርሶናል" ብለውኛል። ትናንት እኔ አልነካሁትም። ባሌ ማርቆስ ብቻ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የሽማግሌዎቹን ቃለ ጉባኤ ጽፎበታል፤ የአጥቢያው ጸሐፊ እሱ ነው። አመሻሽ ላይ ደግሞ መብራት ሄዶ ሲመጣ አምፖሉ ብልጭ ድርግም ብሎ ነበር። የገደለው እሱ ነው እላለሁ። ሶዶ ውስጥ የተበላሸ ዕቃ ሁሉ ገዳዩ መብራት ነው።

ያለኝ ይህ ሳምንት ብቻ ነው። በሁለቱ መንፈቀ ዓመት መካከል ትምህርት ቤት የተዘጋበት ሳምንት። ሥራው የተቀዳ የወላይትኛ ንግግር እየሰሙ በጽሑፍ ማስፈር ነው፣ ከቤት ሆኖ። ላፕቶፑን የላኩልኝ እነሱ ናቸው። ሊኑክስ የሚባለው ነው የተጫነበት፣ ፕሮግራማቸውም የሚሠራው በዚሁ ላፕቶፕ ላይ ብቻ ነው። እስከ ዓርብ በየቀኑ የሚመጣልኝን ቅጂ ጽፌ ከላክሁና ሥራዬን ከወደዱት ይቀጥሩኛል። ካልሆነ ወደ ሁምቦ ቆላ፣ ባዮሎጂ ወደማስተምርበት ትምህርት ቤት እመለሳለሁ። መንገዱ ለዕለት ምልልስ አይሆንም። እሑድ ከሰዓት እሄዳለሁ፣ ዓርብ ማታ እመጣለሁ።

ልጄ ሶሲና አራት ዓመቷ ነው። አማቴን "እማዬ" ትላታለች። እኔን፣ ሰፈሩ ሁሉ እንደሚጠራኝ፣ "ቲቸር" ነው የምትለኝ። ዓርብ ማታ ስገባ "ቲቸር መጣች!" እያለች ወደ ጓሮ ትሮጣለች። ሰው ይስቃል። እኔ አልስቅም።

ዛሬ ያደረግሁት፦ ላፕቶፑን አጥፍቼ አበራሁ። ራውተሩን ነቅዬ ሰካሁ። ዋይፋዩን "እርሳው" ብዬ ፓስወርዱን እንደ አዲስ አስገባሁ። ላፕቶፑን እንደ ሕፃን ታቅፌ ራውተሩ ሥር ቆምኩ። ምንም። ስልኬ ግን በዚያው ዋይፋይ ላይ እንደ ልቡ ይከፍታል! ስለዚህ ጥፋቱ የላፕቶፑ ነው።

ገልብጬ ሳራግፈው ምን ወደቀ? የደረቀ ዳጣ፣ ያ የሚያቃጥለው ማባያ። ማርቆስ ቃለ ጉባኤውን የጻፈው ቆጮ በዳጣ እየበላ ነው ማለት ነው። "ኤንተር" የሚለው ቁልፍ ሥር ቀይ ነገር ጋግሮ ተጣብቋል፣ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። በጥርስ መጎርጎሪያ እየፈለፈልኩ አወጣሁት። በሰው ዕቃ ላይ!

ጥጉ ላይ 4 ሰዓት ይላል። ቁርስ አልበላሁም። ከዚህ በኋላም የምበላ አይመስለኝም።


ማክሰኞ፣ የካቲት 3

ቃልኪዳን ደወለች። አዲስ አበባ ያለችው የድርጅቱ የቴክኒክ ሠራተኛ ናት። "አስቴርዬ፣ ትናንት ምንም አልደረሰንም፣ በሰላም ነው?" አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። "አይዞሽ፣ አብረን እናየዋለን።"

ትእዛዝ የሚጻፍበትን ጥቁሩን መስኮት አስከፍታ ፊደል በፊደል አስጻፈችኝ። አር፣ ኤፍ፣ ኬ፣ አይ፣ ኤል፣ ኤል። ዋይፋዩ መዘጋት አለመዘጋቱን የሚናገር ትእዛዝ ነው አለች። "ኖ፣ ኖ" ብሎ መለሰ። አልተዘጋም። ቀጥላ ፒንግ አስባለችኝ። ላፕቶፑ ሩቅ ያለን ኮምፒውተር "አለህ?" ብሎ የሚጣራበት ነው። መልስ መጣ! መስመር በመስመር፣ ሳያቋርጥ። ሁለታችንም ጮህን።

"ይወጣል እኮ! ዋይፋዩማ ደህና ነው" አለች።

"ታዲያ ለምን አይገባም?"

ከተጻፈ ነገር ላይ እንደምታነብ እያከታተለች ጠየቀችኝ። የአውሮፕላኑ ምልክት ጠፍቷል ወይ? ጠፍቷል። ፓስወርዱ ልክ ነው ወይ? ልክ ነው። ቀንና ሰዓቱ ልክ ነው ወይ? ጥጉን አየሁ፣ ልክ ነው። ሌላ ቦታ፣ ሌላ ዋይፋይ ላይ ሞክረሻል ወይ? አልሞከርኩም። "እስኪ እሱን ሞክሪና ደውዪልኝ" አለች።

ከመሄዴ በፊት በስልኬ ኢንተርኔቱ ላይ ፈለግሁ፤ እንደ እኔ የተቸገሩ ሰዎች የሚጠይቁበትን ቦታ። ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው ግን? አንዱ ምስኪን "ዋይፋይ ይታያል፣ ገጽ አይከፈትም" ብሎ ጠይቋል። የመጀመሪያው መላሽ "ከመጠየቅህ በፊት አንብብ" ይለዋል። ሁለተኛው "የአንተ ሊኑክስ የድሮ ነው፣ የእኔን ጫን" ይላል። ሦስተኛውና አራተኛው እርስ በእርስ ይሰዳደባሉ። ጠያቂው መጨረሻ ላይ "ተስተካከለ፣ አመሰግናለሁ" ብሎ ሄዷል። እንዴት እንደተስተካከለ አልጻፈም! እንዲህ ዓይነቱን ሰው ባገኘው አንድ ቃል አልናገረውም፣ ዝም ብዬ አየው ነበር።

ከሰዓት አደባባዩ አጠገብ ወዳለው ሆቴል ሄድኩ። ፓስወርዱን የሚሰጡት ካዘዙ በኋላ ነው። ሻይ አዘዝኩ። የብርጭቆው ጠርዝ ላይ የሌላ ሴት ሊፕስቲክ አለ፣ ጥርት ብሎ፣ የላይኛውም የታችኛውም ከንፈር። ጠረጴዛው ክንዴን ይዞ አልለቅም ይላል። የመጸዳጃ ቤቱ በር ተከፍቶ በተዘጋ ቁጥር ሽታው እንደ አስተናጋጅ መጥቶ አጠገቤ ይቆማል። ሻዩን ሳልነካ ላፕቶፑን ከፈትኩ።

ያው ነው። ምልክቱ ሙሉ፣ ገጽ የለም። ድረ ገጽ የምከፍትበት አሳሽ ቀይ ምልክት አድርጎ "ግንኙነትሽ አስተማማኝ አይደለም" ይለኛል በእንግሊዝኛ። ከሥሩ በደቃቅ ፊደል ብዙ ነገር ተጽፏል፣ ከእሱ ሥር "ተመለሺ" የሚል ትልቅ ሰማያዊ ቁልፍ። ተመለስኩ።

ማታ ማርቆስ "በጸሎት ይዘነዋል" አለኝ። ራት እያቀረብኩ ዞር ስል እጁን ላፕቶፑ ላይ ጭኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አየሁት። ሳቄ መጣ፣ ደግሞ ተናደድኩ። ፍቅሩ እውነት ነው። ጣቱ ግን አሁንም ዳጣ አለው።


ረቡዕ፣ የካቲት 4

ሦስተኛው ቀን ባዶውን አለፈ። መነኻሪያው ጀርባ ጥገና ቤት ያለው ተመስገን የሚባል ሰው አለ፣ ከተማው "ኢንጂነር" ነው የሚለው። ስልክም፣ ቴሌቪዥንም፣ ምጣድም ይጠግናል። ወሰድኩለት።

ጠረጴዛው ላይ የሱፍ ቅርፊት ተቆልሏል፣ ግማሹ ከምራቅ አልደረቀም። ካልሲው ከወንበሩ ሥር ለብቻው ተቀምጧል። ላፕቶፑን ተቀበለኝና ገና ሳይከፍተው ቀዳዳዎቹን በአፉ ነፋ። ፉ! ፉ! ጠብታው ሲያርፍ በዓይኔ አየሁ። አቧራ ማስወጣቱ ነው። ክፍል ውስጥ ስለ ተህዋስያን የማስተምረውን ሁሉ አንድ በአንድ አሰብኩ።

"ቲቸር፣ ይቺ ላፕቶፕ ዋይፋይ ካርዱ ሞታለች" አለኝ።

"ፒንግ ይመልሳል እኮ" አልኩት።

"ፒንግ ሌላ ነው፣ ካርድ ሌላ ነው።"

በዩኤስቢ የሚሰካ ትንሽ ዋይፋይ አምጥቶ ሰካበት። ምልክቱ ሙሉ፣ ገጽ የለም። ስልኬን በኬብል አገናኝቶ የስልኬን ኢንተርኔት ሰጠው። ያው! "ታዲያ በኬብልም ካልገባ ችግሩ ዋይፋዩ አይደለም ማለት አይደል?" አልኩት። የኢንጂነሩ ፊት ተቆጣ። "ችግሩ ሊኑክስ ነው በቃ። ሊኑክስ የሰው ነገር አይደለችም። ፎርማት ላድርግልሽና ዊንዶውስ ልጫንልሽ፣ እስከ ነገ ትወስጃለሽ።" መሃል ላይ "ድምፁ ይሠራል አይደል፣ ስሚ" ብሎ የራሱን ኢርፎን ወደ ጆሮዬ ሲያቀርብ ጎማው ላይ ቢጫ ነገር አየሁና ወንበሬን ይዤ ወደ ኋላ ሸሸሁ።

ከዚያው ሆኜ ለቃልኪዳን ደወልኩ። ፎርማት የሚለውን ቃል ስትሰማ ድምጿ ተለወጠ። "አስቴርዬ፣ በፎርማት ያለው ሁሉ ከጠፋ ፕሮግራማችንም አብሮ ይጠፋል። እዚህ ሆነን መልሰን ልንጭንልሽ አንችልም። ሙከራውም እዚያ ላይ ያበቃል ማለት ነው።" ላፕቶፑን ከጠረጴዛው ላይ አንስቼ፣ የሱፉን ቅርፊት አራግፌ ወጣሁ።

ቤት ስገባ ሶሲና ከእንቅልፏ ተነስታ ፀጉሯ ተንጨባሮ መጣች። እጄን ዘረጋሁ። በአጠገቤ አልፋ አማቴ ቀሚስ ውስጥ ገባች። አዬ — አማቴን እንደዚያ ነው የምንላት — አፈረች፣ "ሂጂ ወደ እናትሽ" እያለች ገፋ አደረገቻት። ልጅቷ አልሄደችም። አዬ ምንም አላጠፋችም፤ ልጄን አብልታ፣ አጥባ፣ ሳል ሲይዛት ደረቷን ቅቤ ቀብታ ያሳደገችልኝ እሷ ናት። ማንን ልጥላ? ሁኔታውን ነው የጠላሁት። አንገሸገሸኝ።

ሦስት ቀን ሄዷል። ካሁን በኋላ ቢስተካከልስ ይቀበሉኛል?


ሐሙስ፣ የካቲት 5

እስክሪብቶውን ወረቀቱ እስኪበሳ እየተጫንኩ ነው የምጽፈው። ከንዴት ይሁን ከደስታ አልለየሁትም።

ጠዋት ተስፋ ቆርጬ ነበር የተነሳሁት። ኢንጂነር ተመስገን ትናንት ስወጣ ከኋላዬ "ፕሮግራሟን ለብቻ ገልብጬ አስቀምጬ እመልስልሻለሁ" ብሎኝ ነበር። ውሸት እንደሚሆን ልቤ ያውቃል። ግን ሌሊቱን ሙሉ ያ ቃል ጣፈጠኝና ጠዋት ላፕቶፑን በሻሽ ጠቅልዬ ሄድኩ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው ልሆን ነበር።

"አድርገው" አልኩት። ተቀበለኝ። ፍላሹን አወጣ። ፍላሹን ሊሰካ ሲል መብራት ጠፋ።

ያለ መብራት ፎርማት አይጀምርም፤ መሃል ላይ ባትሪ ካለቀ ዕቃው ድንጋይ ይሆናል አለ። "ይመጣል፣ ተቀመጪ" ብሎ ሱፉን መፈልፈል ጀመረ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። የላፕቶፑ ባትሪ አለ። ምን ላድርግ? የስልኬን ኢንተርኔት አብርቼ ለመጨረሻ ጊዜ አንድ ገጽ ልከፍት ሞከርኩ። ያ ቀይ ምልክት መጣ። "ግንኙነትሽ አስተማማኝ አይደለም።" ሰማያዊውን ቁልፍ ልጫን ስል እጄን መለስኩ። ተማሪዎቼን በየፈተናው "ጥያቄውን እስከ መጨረሻው አንብቡ" እያልኩ የምጮኸው እኔ አይደለሁ? ደቃቁን ጽሑፍ ማንም አላነበበውም። እኔም፣ ኢንጂነሩም።

አነበብኩት። እያንዳንዱ ድረ ገጽ መታወቂያ አለው ይላል፣ ኮምፒውተሩ እሱን ሳያይ አያስገባም። የዚህኛው ገጽ መታወቂያ የሚጸናው ከ2025 ጀምሮ ነው። በኮምፒውተርሽ ላይ ግን ዛሬ 2018 ነው። ስለዚህ መታወቂያው ገና ያልወጣ ነው፣ አልቀበለውም።

"አዎ፣ 2018 ነው" አልኩ ጮክ ብዬ። "ዘንድሮ 2018 ነው፣ ታዲያ ምን ይሁን?"

"ልክ ነው፣ 2018 ነው" አለ ኢንጂነሩም ከወዲያ፣ ቅርፊቱን እየተፋ።

ከዚያ ደነገጥኩ። የእኛ 2018! ላፕቶፑ የፈረንጅ ነው። በእነሱ ዘንድሮ 2026 ነው። ጥጉን አየሁት። ፌብሩዋሪ 5፣ 2 ሰዓት ከምናምን። የካቲት 5፣ ጠዋት 2 ሰዓት ከምናምን። ቀኑ የእኛ፣ ሰዓቱ የእኛ፣ ዓመቱ የእኛ! ሰኞም አየሁት፣ ማክሰኞም አየሁት፣ ቃልኪዳን ስትጠይቀኝ "ልክ ነው" አልኳት። ልክ ነበር እኮ! ለዚህ ነው ያላየነው፤ ቢሳሳት ኖሮ እናየው ነበር።

ማስተካከያው ውስጥ ገባሁ። "ቀንና ሰዓት በራሱ" የሚለው ጠፍቷል። አበራሁት። ጥጉ ላይ ያለው ቁጥር ሳይንደረደር ዘለለ፦ ፌብሩዋሪ 12፣ 8 ሰዓት ከምናምን። ፕሮግራሙን ከፈትኩ። ነጩ ሳጥን አልመጣም። የሰኞ፣ የማክሰኞ፣ የረቡዕ ቅጂ ሁሉ ተራ በተራ ይወርድ ጀመር።

ጮህኩ። የጎረቤት ሱቅ ሴትዮ ብቅ ብላ አየችኝ። በዚያው ቅጽበት መብራት መጣ። "አየሽ፣ ትናንት የሰካሁት ዩኤስቢ ነው ዛሬ የሠራችው" አለኝ ኢንጂነሩ፣ ሳያፍር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ላፕቶፑን በሻሼ ጠቅልዬ ወጣሁ።

በባጃጅ ስመለስ መንገዱን ሁሉ አንድ ጥያቄ ነበር በአእምሮዬ፦ ማን ነው የለወጠው? በራሱ አይለወጥም። መብራትም ዓመት አይለውጥም። እሑድ ወጥ እያማሰልኩ "የላፕቶፑ ፓስወርድ ምንድነው?" ብሎ የጠየቀኝ ሰው ትዝ አለኝ።

ማርቆስ ቢሮው ነበር፣ ደወልኩለት። አልካደም። እንዲያውም ኮራ!

"እኔ እኮ ያስተካከልኩልሽ ነው። የፈረንጅ ቀን ነበር የሚያሳየው። ቃለ ጉባኤው ላይ ቀን ስከት 2026 ብሎ ጻፈብኝ። ሽማግሌዎቹ ፊት እሱን ላነብ ነው? ሰዓቱም ስድስት ሰዓት ተሳስቶ ነበር።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ምን ብዬ? የተበላሸ ነገር አስተካከልኩ ብዬ? ማንም የሚያደርገው ነው።"

ሦስት ቀን! ሊፕስቲክ ያለበት ብርጭቆ፣ ምራቅ፣ የጆሮ ኩክ። ደግሞ ማክሰኞ ማታ እጁን ጭኖ የጸለየለት እሱ ራሱ ነው፤ እግዚአብሔር ምን ብሎት ይሆን? ስልኩን ዘጋሁበት። አዬ ነገሩን በወላይትኛ ስነግራት ጥቂት አሰበችና የልጇን ወገን ያዘች። "ዘንድሮ 2018 አይደለም እንዴ? ምን አጠፋ?" አለችኝ።

ለቃልኪዳን ስነግራት እስክታስል ሳቀች። "ይቅርታ አስቴርዬ። እኔስ ብሆን? ዘንድሮ ስንት ነው ብትይኝ 2018 ነው የምልሽ። 'ልክ ነው' ስትይኝ አለፍኩት።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ያለፈውን ቀን ግን ይቆጥሩልሽ እንደሆነ ቃል አልገባልሽም። እስከ ነገ ማታ ሁሉም ከገባ እኔ እነግርልሻለሁ" አለች።

የአምስት ቀን ሥራ በአንድ ቀን ተኩል። ተነሳሁ።


ዓርብ፣ የካቲት 6

ጨረስኩ። ጀርባዬ የእኔ አይመስለኝም፣ ጆሮዬ ውስጥ አሁንም ሰው ያወራል።

ስለ እርሻ የሚያወራ አንድ ሰውዬ አለ፣ ንግግሩ ሁሉ ምግብ እየበላ ነው የተቀዳው። ምን እንደሚበላ አላውቅም፣ እርጥብ ነገር ነው። ቃሉን ለመለየት አሥር ጊዜ መልሼ መስማት ነበረብኝ፣ አሥር ጊዜም ሲያላምጥ፣ ሲውጥ፣ ጥርሱን ሲመጥ። ምላሱ ትከሻዬ ላይ ያለ ያህል ቀፈፈኝ። ሌላው በየአረፍተ ነገሩ አክታውን ይስባል። ያንን በየትኛው ፊደል ልጻፈው?

ግን አንዲት ሴትዮ አለች፣ ከቦዲቲ አካባቢ ይመስለኛል፣ ላሟ ጠፍታ እንዴት እንደፈለገቻት የምታወራ። አነጋገሯ እንደ ሟች አክስቴ ነው። ቃላቱ ከጣቴ ቀድመው ይወጡ ነበር። እሷን እየጻፍኩ ደክሞኝ እንደነበር ረሳሁ። ይህንን ሥራ እንደምችለው አወቅሁ፣ ቢቀጥሩኝም ባይቀጥሩኝም እችለዋለሁ።

ሶሲና መጥታ ጠረጴዛው ሥር ተቀመጠች። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረግሁላት። ላሟ የጎረቤት ጎመን ውስጥ ስትገኝ ትንፋሿ እስኪያጥራት ሳቀች። "ድገሚው" አለችኝ። ደገምኩት። ሥራው እየጠበቀኝ ሦስቴ ደገምኩት።

ማርቆስ ቀኑን ሙሉ ቤቱን ጸጥ አሰኘ። ዶሮዎቹን ሳይቀር ወደ ጓሮ አባረረ። ይቅርታ አላለኝም። ምሳ አምጥቶ፣ እጁን በሳሙና ታጥቦ እንደመጣ መዳፉን ገልብጦ አሳየኝ። ልስቅ አልኩና ተውኩት፤ ገና አልበረደልኝም።

የመጨረሻውን ሳይመሽ ላክሁት። "ደርሶናል" አለ። በቃ። ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ አይደለም።


ቅዳሜ፣ የካቲት 7

መጠበቅን የመሰለ አስቀያሚ ነገር የለም። ስልኬን ገልብጬ አስቀምጣለሁ፣ አነሳለሁ፣ እገለብጣለሁ። ገበያ ወጣሁ፣ ቲማቲም ገዛሁ፣ ግማሹ የበሰበሰ ሆኖ ተገኘ። ሻጯ ከሥር ስትከት አላየሁም፣ ዓይኔ ስልኬ ላይ ነበር። ጣቴ በአንዱ ቲማቲም ውስጥ ዘልቆ ገባ።

ማርቆስ ጠረጴዛው ላይ ቃለ ጉባኤውን በእጁ ሲገለብጥ አገኘሁት፣ በእስክሪብቶ። "ላፕቶፑን አልነካም" አለኝ ቀና ሳይል። አኩርፏል። እሱ ደግሞ ያኮርፋል! "ሽማግሌዎቹ በእጅ ጽሑፍህ ደስ ይላቸዋል" አልኩት። "የሰው ቀን ይጻፍበታል ቢያንስ" አለ። ሁለታችንም ሳንፈልግ ሳቅን።

ከሰዓት መልእክቱ መጣ። በቁሜ አነበብኩት። ጽሑፌ ጥሩ ነው ይላል። ወላይትኛው "ንጹሕ" ነው ይላል። ሦስት ቀን መዘግየቱ ተመዝግቧል፣ ይህ እንዳይደገም። ስለዚህ ውሉ ለጊዜው የሦስት ወር ነው፣ ከማክሰኞ ጀምሮ። ከዚያ በኋላ እናያለን።

መታጠቢያ ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁና አለቀስኩ። እንዲህ ዓይነት ልቅሶ አልወድም፣ ንፍጥ ያለበት፣ ድምፅ የሚያወጣ። ፊቴን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ።

ለሦስት ወር ውል የመንግሥት ሥራ ይለቀቃል? ማርቆስ ይህንን ጥያቄ በፊቱ ላይ ጽፎ ነው የተቀበለኝ፣ በአፉ ግን አላለም። አዬ ናት ያለችው። "ሦስት ወር ብዙ ነው። ልጅ በሦስት ወር ጥርስ ያወጣል" አለች። ልለቅ ነው። ፈርቻለሁ፣ ግን ልለቅ ነው።


እሑድ፣ የካቲት 8

ከአምልኮ መልስ የመልቀቂያ ደብዳቤዬን ጻፍኩ። ነገ ጠዋት አንድ ሞተረኛ ትምህርት ቤቱ ድረስ ያደርሰኛል፣ ከሰዓት ይመልሰኛል። ደብዳቤውን ለርዕሰ መምህሩ ሰጥቼ፣ የተከራየኋትን ክፍል ቁልፍ መልሼ፣ ፍራሼን ለጎረቤቴ ትቼ እመጣለሁ። ያቺን ክፍል አልናፍቃትም። አይጥ ሳሙናዬን የምትበላባት፣ ቆርቆሮ ጣራው ከእኩለ ቀን በኋላ በሙቀት እየተንጣጣ የሚያስል የሚመስል ክፍል ናት። ተማሪዎቼን ግን እናፍቃለሁ። ርዕሰ መምህሩ እንደሚቆጣም አውቃለሁ፣ በዓመት መሃል ነው። ይቆጣ።

ቦርሳዬን አወጣሁ። ባዶውን ነው የምይዘው፣ ዕቃዬን ላመጣበት። ሶሲና በር ላይ ቆማ አየችው። አላለቀሰችም። ትንሽ እያለች ታለቅስ ነበር፣ ከዚያ ቦርሳውን ትደብቅ ነበር። አሁን ሁለቱንም ትታለች። ሄዳ ጫማዬን አምጥታ ከቦርሳው አጠገብ አስተካክላ አስቀመጠችልኝ፣ ግራና ቀኙን ሳታሳስት። በዚህ ሳምንት ካየሁት ቆሻሻ ሁሉ ይህ ነው የከበደኝ፣ ልጄ መሸኘትን ለምዳለች።

ተንበርክኬ "ነገ ማታ እመጣለሁ" አልኳት።

"ዓርብ" አለችኝ።

"አይደለም፣ ነገ። ተኝተሽ ትነሻለሽ፣ ትጫወቻለሽ፣ ማታ ሲሆን እመጣለሁ።"

"ዓርብ ነው የምትመጪው" አለች። አልተቆጣችም። የተሳሳተ ሰው እንደሚያርሙት ነው የተናገረችው፣ ቀስ ብላ፣ እንዲገባኝ። ጣቶቿን ዘርግታ አንድ በአንድ እያጠፈች ቆጠረችልኝም፤ አዬ ናት ያስተማረቻት።

አልተከራከርኳትም። ብምልላትም አታምነኝም። ነገ ማታ በሩን ሳንኳኳ ሌላ ሰው እንዳይነሳ፣ ሶሲና ራሷ እንድትከፍት ለአዬ ነግሬያታለሁ።